የጂፕሰም ኮርኒስ ቀዳዳ አጠጋገንና ከጥገናው በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

በከተሞች በሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የጂፕሰም ቦርድ ኮርኒስ እየተለመደ መጥቷል። ቀደም ሲል አቡጀዲ ወጥሮ ቀለም መቀባት፣ ኋላም ቺፕውድ በሞራሌ ላይ መምታት ይዘወተር ነበር፤ በእነዚህ ኮርኒሶች ላይ ጉዳት ሲደርስ ጨርቁ ይጣፋል ወይም ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ጂፕሰም ቦርድ ከሁለቱም ይለያል። የተጎዳው ክፍል ብቻ ተቆርጦ በአዲስ ሊተካ፣ መጋጠሚያውም በስቱኮ ተሸፍኖ ከቀሪው ኮርኒስ ጋር አንድ ወጥ ሊሆን ይችላል። አነስተኛ ቀዳዳዎችን ነዋሪው ራሱ በጥቂት ወጪ ሊደፍናቸው ይችላል።

ጥገናው ከአንድ ክረምት ሳያልፍ ሲበላሽ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአሠራሩ አይደለም፤ ቀዳዳውን ያመጣው ችግር ሳይወገድ መደፈኑ ነው። በመሆኑም በዚህ መረጃ ከአደፋፈኑ በፊት የመንስኤው ጉዳይ ቀድሟል።

ስለ ጂፕሰም ቦርድ በአጭሩ

ጂፕሰም ከመሬት የሚወጣ ለስላሳ ማዕድን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ወፍራም ንብርብሩ ይገኛል። ማዕድኑ ተፈጭቶ ሲሞቅ በውስጡ የያዘውን ውኃ አብዛኛውን ያጣና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ እንደገና ከውኃ ጋር ሲቀላቀል በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይጠጥራል። ጂፕሰም ቦርድ ይህ የጠጠረ ጂፕሰም በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የተያዘበት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው እንዳይሰበር አጥብቆ የሚይዘው ወረቀቱ በመሆኑ፣ ወረቀቱ የተቀደደበት ወይም በእርጥበት የለቀቀበት ቦታ ጥንካሬውን ያጣል።

ከጠጣሩ ጂፕሰም ክብደት 21 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። በእሳት አደጋ ጊዜ ይህ ውኃ በእንፋሎት መልክ እየወጣ ሙቀቱ ወደ ጣሪያው እንጨትና ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ ቶሎ እንዳይደርስ ያዘገያል። ቀዳዳን በጋዜጣ፣ በፌስታል ወይም በስፖንጅ ጠቅጥቆ በላዩ ቀለም መቀባት ሊወገድ የሚገባው ስለዚህ ነው። ከታች ሲታይ ጥገና ይመስላል፤ እሳት ሲነሣ ግን ተቀጣጣይ ነገር ኮርኒሱ ውስጥ እንደ መጨመር ይቆጠራል።

አንድ ኮርኒስ ጂፕሰም ቦርድ መሆን አለመሆኑ ካልታወቀ በጣት መትቶ መለየት ይቻላል። ጂፕሰም ቦርድ ባዶነት ያለው ድምፅ ያሰማል፤ በምላጭ ሲፋቅም ከወረቀቱ ሥር ነጭ ዱቄት ይታያል። ድምፁ የታፈነና ጠንካራ ከሆነ የኮንክሪት ወለል ልስን ሊሆን ስለሚችል አጠጋገኑ የተለየ ነው። በአሮጌ ቤቶች የሚገኝ፣ ሲሚንቶ የሚመስል ግራጫና ጠንካራ ሰሌዳ፣ በተለምዶ ኤተርኒት የሚባለው፣ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ ለሳንባ እጅግ አደገኛ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሰሌዳ በነዋሪው ሊቆረጥ፣ ሊበሳም ሆነ ሊፋቅ አይገባም።

ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት

የኮርኒስ ቀዳዳ ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ይመጣል። የመጀመሪያው ግጭት ወይም የሰው ሥራ ነው፤ ዕቃ ሲጓጓዝ መመታት፣ የመብራት ቦታ መቀየር፣ ለቧንቧ ወይም ለገመድ ሥራ የተከፈተ መስኮት ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው አይጥ ነው። አይጦቹ ሳይወገዱና የሚገቡበት ቀዳዳ በጣሪያው ዳር ሳይዘጋ ኮርኒሱን መድፈን ከንቱ ድካም ከመሆኑም በላይ፣ የገመድ ሽፋን ተበልቶ እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ ብርቱው ውኃ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ እድፍ፣ ያበጠ ቀለም፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሰሌዳ፣ የሻጋታ ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላለ ኮርኒስ በቅድሚያ የሚፈተሹት የላሉ የጣሪያ ሚስማሮች፣ የዛገ መደራረቢያና በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ናቸው። በጋራ ሕንፃ ደግሞ ከላይ ያለው ቤት መታጠቢያ ክፍል፣ የቧንቧ መጋጠሚያና በጣሪያ ላይ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያ ይታያሉ። እድፉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ ምንጩ ጣሪያው ነው፤ በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧው መጠርጠር አለበት። ፍሳሹ ተጠግኗል ከተባለ በኋላ ቢያንስ አንድ ጠንካራ ዝናብ እስኪያልፍ፣ ወይም የቧንቧ ችግር ከነበረ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃው እንደ ወትሮው እየተሠራበት ኮርኒሱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ይመከራል። በሐምሌ የታየ እድፍ በጥቅምት ቀለም ተቀብቶ ቢጠፋም በሚቀጥለው ሰኔ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ሰሌዳው ራሱ ሊወድቅ ይችላል።

የመውደቁ ነገር በቀላሉ መታየት የለበትም። 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጂፕሰም ቦርድ በካሬ ሜትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ስፋት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውኃ ቢያቁር ደግሞ 10 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ይኸውም ሰሌዳው የራሱን ክብደት ከእጥፍ በላይ ይሸከማል ማለት ነው፤ ያውም ወረቀቱ በርሶ፣ ብሎኖቹም እየላሉ። ወደ ታች ያበጠ ወይም የተንጠለጠለ ኮርኒስ ሲታይ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትና አረጋውያን፣ ከሥሩ እንዲነሡ ማድረግ፣ አልጋን ማራቅና የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ማጥፋት የመጀመሪያ ተግባር ነው። ብሬከሩ የሚገኝበት ቦታ ራሱ ውኃ ነክቶት ከሆነ ሳይነኩት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጎን ቆሞ፣ በረጅም ደረቅ እንጨት እብጠቱን በትንሹ በስቶ ውኃውን ወደ ባልዲ ማስወረድ ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ከመውደቅ ሊያድነው ይችላል። ከእብጠቱ ትክክለኛ ሥር ሆኖ መብሳት ግን ክልክል ነው።

ረጥቦ የደረቀ ሰሌዳ ሁሉ አይጣልም። ሲጫኑት ጠንካራ የሆነ፣ ያልተንጋደደና ወረቀቱ ያልለቀቀ ሰሌዳ እድፉ ብቻ ታክሞ ሊቀጥል ይችላል። ሻጋታ ያወጣ፣ የለሰለሰ ወይም የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ መውጣት አለበት።

የኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

በኮርኒስ ላይ የሚያልፈው ገመድ 220 ቮልት የሚይዝ ሲሆን፣ ሁልጊዜም በቱቦ ውስጥ አልፏል ተብሎ አይታመንም። ማንኛውም መቁረጥ፣ መብሳት ወይም እጅን ወደ ቀዳዳው ማስገባት የሚጀመረው ብሬከሩ ጠፍቶ፣ መጥፋቱም በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ ነው። መብራቱን በማብሪያ ማጥፊያው ማጥፋት በቂ አይደለም። በቀዳዳው ውስጥ የተላጠ ገመድ ወይም በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም፤ ኤሌክትሪሽያን መጋጠሚያውን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ሳያስገባ ቀዳዳው መዘጋት የለበትም።

አነስተኛ ቀዳዳ

ከሚስማርና ከብሎን ቀዳዳ አንሥቶ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በስቱኮ ብቻ ይደፈናል። በዙሪያው የተነሣው ወረቀት በካተር ተቆርጦ፣ ብናኙ ተጠርጎ፣ ስቱኮው በትንሽ ስፓቱላ ወደ ውስጥ ተጭኖ ይሞላል። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ በማግስቱ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ይደረብበታል። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ነገር የለውም።

የመዳፍ ያህል ቀዳዳ

ከ2 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ቀዳዳ፣ በተለይም የተነሣ የመብራት ቦታን ለመዝጋት፣ ጀርባው ላይ እንጨት ማስገባት ሳያስፈልግ የሚሠራ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። በቅድሚያ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ሆኖ ይስተካከላል፤ ለምሳሌ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ውፍረቱ ተመሳሳይ ከሆነ ቁራጭ ጂፕሰም ቦርድ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። በቁራጩ ጀርባ፣ መሐል ላይ፣ ከቀዳዳው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንስ አራት ማዕዘን ይሠመራል። በመሥመሩ ላይ የጀርባው ወረቀትና ጂፕሰሙ በካተር ይቆረጣሉ፤ የፊቱ ወረቀት ግን አይነካም። ጠርዙ ሲሰበር ጂፕሰሙ ከፊቱ ወረቀት ላይ ቀስ ተብሎ ይላጣል። በመጨረሻ የሚቀረው መሐሉ ላይ ጂፕሰም ያለው፣ ዙሪያውን ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር የወረቀት ክፈፍ የከበበው ልጣፍ ነው።

በቀዳዳው ጠርዝና በዙሪያው ስቱኮ ይቀባል። ልጣፉ ይገባል፤ ወረቀቱ ከመሐል ወደ ውጭ በስፓቱላ እየተጫነ ትርፉ ስቱኮና አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ከወረቀቱ ሥር የቀረ አየር በኋላ ስለሚያብጥ እዚህ ላይ መቻኮል አይገባም። ሲደርቅ ሁለት ስስ ሽፋኖች እየሰፉ ይደረባሉ። ይህ ልጣፍ የራሱን ክብደት እንጂ ሌላ ነገር አይሸከምም፤ መብራት ወይም የልብስ መስቀያ ሊንጠለጠልበት አይችልም።

ትልቅ ቀዳዳ

ከመዳፍ የሚሰፋ ቀዳዳ የጀርባ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ሥራው ሁለት ሰው፣ የማይነቃነቅ መሰላል፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይፈልጋል። ቀና ብሎ የሚሠራ ሰው ዓይን ውስጥ ብናኝ መግባቱ የማይቀር ነው።

ቀዳዳው በስኳድራ ተሠምሮ፣ የተጎዳው ሁሉ እንዲወጣ፣ በጠባብ የእጅ መጋዝ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል። የኤሌክትሪክ መጋዝ ከጀርባ ያለን ገመድ ሳይታይ ሊቆርጥ ስለሚችል የእጅ መጋዝ ይመረጣል፤ መጋዙም ከሰሌዳው ውፍረት ብዙ አልፎ እንዳይገባ ይደረጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ከቀዳዳው ርዝመት በ15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ሁለት ደረቅ ጣውላዎች ይዘጋጃሉ። እያንዳንዱ ጣውላ በሰያፍ ወደ ውስጥ ገብቶ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይጋደማል፤ ግማሽ ስፋቱ በነባሩ ሰሌዳ ጀርባ፣ ግማሹ ከታች እንዲታይ ሆኖ። አንድ ሰው ጣውላውን ወደ ታች እየሳበ ሲይዝ ሌላው ከታች በነባሩ ሰሌዳ በኩል በጂፕሰም ብሎን ያጠብቀዋል።

የሚገባው ቁራጭ ከቀዳዳው በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ መሆን አለበት፤ ተጠብቦ በግድ የገባ ቁራጭ ጠርዙ ይሰባበራል። ውፍረቱ ከነባሩ ጋር እኩል መሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይለካ፤ በ12.5 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ መሐል የገባ የ9.5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ በስቱኮ ብዛት ሊስተካከል አይችልም። ለ12.5 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ይበቃል። ብሎኖቹ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከተቆረጠው ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው ይታሠራሉ። የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ወረቀቱን በጥሶ ከገባ ምንም አልያዘም፤ ይነቀልና ሌላ ብሎን ከጎኑ ይመታል።

መጋጠሚያው መረብ ባለው የፋይበር ቴፕ ይሸፈናል። ቴፑን ለመቆጠብ መዝለል በጥቂት ወራት ውስጥ የቁራጩን ቅርጽ ተከትሎ የሚወጣ ስንጥቅ ያስከትላል። በቴፑ ላይ ሦስት ስስ የስቱኮ ሽፋኖች ይደረባሉ፤ የመጀመሪያው ቴፑን እንዲያለብስ፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋ ሆኖ። መስፋቱ ጉብታው ለዓይን እንዳይታይ ያደርጋል። አንድ ወፍራም ሽፋን የሦስቱን ሥራ አይሠራም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ሽፋን ግራጫነቱ ጠፍቶ ወጥ ነጭ እስኪሆን ይጠበቃል። በበጋ አንድ ቀን ሊበቃ ይችላል፤ በክረምት ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጥልቅ ክፍተት በቅድሚያ በጂፕሰም ዱቄት መሞላት ካለበት፣ ዱቄቱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ዱቄቱ አይፈስም። አንድና ሁለት ደቂቃ ከጠጣ በኋላ ይበጠበጣል። መጠጠር የጀመረን ጂፕሰም ውኃ ጨምሮ ማቅጠን ጥንካሬውን ያጠፋል። በደንብ ያልታጠበ ዕቃም አዲሱን ብጥብጥ ያለ ጊዜው ያጠጥረዋል። የተረፈው በእቃ ማጠቢያ ወይም በመጸዳጃ ቤት ሊደፋ አይገባም፤ ቧንቧው ውስጥ ይጠጥራል።

በቅርጽ ማውጫ ተፈስሶ በቃጫ የተጠናከረ ጌጠኛ ጂፕሰም ከዚህ የተለየ ነው። የተሰበረው ጌጥ ከጀርባው በጂፕሰም የተነከረ ቃጫ ተደርቦበት የሚያያዝ በመሆኑ ለጂፕሰም ባለሙያ ቢተው ይሻላል። የተንጠለጠለ ኮርኒስ፣ የብረት ፕሮፋይሉ የተጣመመ ወይም የዛገ፣ ቀዳዳውም ከአንዱ ፕሮፋይል እስከ ሌላው የዘለቀ እንደሆነም እንዲሁ ነው።

ማለስለስና ቀለም

የደረቀው ስቱኮ ቁጥሩ ከ120 እስከ 180 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይለሰልሳል። የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል ቢበራ በቀጥታ ብርሃን የማይታይ ጉብታና ጭረት ይወጣል። ስቱኮ ቀለምን ከነባሩ ገጽ ይበልጥ ስለሚመጥ መጀመሪያ ፕራይመር ይቀባል፤ ይህ ካልሆነ የጥገናው ቦታ ደብዝዞ ይለያል። የውኃ እድፍ በነበረበት ቦታ በውኃ የሚቀጥን ተራ ቀለም እድፉን አይዝም፤ ሦስት ጊዜ ቢደረብም ቢጫው ያልፋል። እዚያ ላይ በቅድሚያ የዘይት ቀለም ወይም እድፍ የሚይዝ ፕራይመር ያስፈልጋል። የተጠገነውን ቦታ ብቻ መቀባት ልዩነቱን ስለሚያጎላ የክፍሉን ኮርኒስ ሙሉ በሙሉ መቀባት ይመረጣል።

የጥገናው ወጪ ኃላፊነት

በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሕንፃው በግል ቤቶችና በጋራ መጠቀሚያዎች የተከፈለ ሲሆን፣ የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደር ኃላፊነት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ኮርኒሱን የጎዳው ፍሳሽ የመጣው ከጋራ መጠቀሚያ፣ ለምሳሌ ከጋራ ጣሪያ ወይም ከጋራ የውኃ መሥመር ከሆነ ጥያቄው በጽሑፍ ለማኅበሩ ይቀርባል። ከላይ ካለ ቤት የግል መሥመር የመጣ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር በቅድሚያ መነጋገር፣ ማኅበሩም ሁኔታውን ተመልክቶ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ማድረግ ይጠቅማል።

ተከራይን በተመለከተ፣ የጥገና ግዴታ በውሉ ሊወሰን ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከቤቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ምክንያት ብቻ የመጣ ጉዳት በተከራዩ ላይ አይጫንም። ተከራዩ ራሱ የበሳው ወይም ዕቃ ሲያጓጉዝ የሰበረው ግን የእርሱ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ስለተደነገገ፣ ቤቱን ሲረከቡ በኮርኒሱ ላይ ያለ እድፍና ቀዳዳ ቢጻፍ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

ለማኅበርም ሆነ ለአከራይ የሚቀርበው ማስታወቂያ ጉዳቱ የታየበትን ቀን፣ ቦታውንና መጠኑን የሚገልጽ ሆኖ ፎቶግራፍ ይያያዝበታል፤ ቅጂውም በአቅራቢው እጅ ይቀመጣል። ኮርኒሱ ከተደፈነና ቀለም ከተቀባ በኋላ መንስኤውን ማስረዳት ስለሚያስቸግር ፎቶግራፉ መነሣት ያለበት ቁፋሮውና መቁረጡ ከመጀመሩ በፊት ሲሆን፣ የተቆረጠው እርጥብ ሰሌዳም ጉዳዩ እስኪያልቅ ባይጣል ይመረጣል።